የዩታን ሀይዌይ 12 በሁለት ቀን መጓዝ፦ ከሬድ ካንየን እስከ ቶሪ ደረጃ በደረጃ

ሀይዌይ 12 በደቡብ ዩታ ከፓንግዊች ከተማ በስተ ደቡብ ካለው የዩኤስ 89 መገንጠያ ይነሣና፣ ቶሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ከሀይዌይ 24 ጋር እስኪገናኝ ድረስ 123 ማይል፣ ማለትም 198 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ2002 በአገሪቱ እጅግ ውብ ለሆኑ መንገዶች የሚሰጠውን «ኦል አሜሪካን ሮድ» የተባለ ማዕረግ አግኝቷል። ሳይቆሙ ቢነዱት ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ የሚወስድ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ጠዋት ብራይስ ካንየንን አይቶ የቀረውን ከሰዓት በኋላ ለመጨረስ ያቅዳል፤ በዚህም ምክንያት ከኤስካላንቴ እስከ ቦልደር ያለውን፣ በእኔ ግምት ከመንገዱ ሁሉ የላቀውን ክፍል፣ ደክሞትና መሽቶበት ያልፈዋል።

ይህ መመሪያ ጉዞውን በሁለት ሙሉ ቀናትና በሦስት ሌሊቶች ያደራጃል፤ የመጀመሪያው ሌሊት ብራይስ አካባቢ፣ ሁለተኛው ኤስካላንቴ፣ ሦስተኛው ቶሪ ነው። መርሐ ግብሩ የተሠራው ማይል በመቁጠር ሳይሆን የፀሐይን አቅጣጫ በመከተል ነው። ቀይ ድንጋይ በቀትር ብርሃን ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስታገኘው ግን እያንዳንዱ ስንጥቅና ንብርብር ለብቻው ይታያል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ከሰዓት በኋላ ፀሐይን ከጀርባው ስለሚያደርግ ፊት ለፊቱ ያለው ገደል ሁሉ በርቶ ያገኘዋል፣ ጨረሩም ዓይኑን አይወጋውም።

ከመነሣትዎ በፊት

በመጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። ሜይና ጁን፣ እንዲሁም ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያሉት ሳምንታት ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። በተለይ የመስቀል ሰሞንና ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሳምንት በቦልደር ተራራ ላይ አስፐን የተባለው ዛፍ ቅጠሉ ወደ ወርቃማ ቢጫ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ድረስ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ድንገተኛ ዝናብ የተለመደ ነው፤ ዝናቡ አስፋልቱ ላይ ላለ መኪና ብዙም አይከብድም፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ላለ እግረኛ ግን ደራሽ ጎርፍ ማለት ነው። መንገዱ ክረምቱን በሙሉ ክፍት ቢሆንም፣ በቦልደር ተራራ ላይ በረዶ በሚጥልበት ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ከዚያ በላይ ሊዘጋ ይችላል። በዚያ ወቅት በትንንሾቹ ከተሞች ካሉት ምግብ ቤቶችና ማረፊያዎች ብዙዎቹ አይሠሩም።

ቀጥሎ በየት በኩል እንደሚመጡ ይወስኑ። ከላስ ቬጋስ የሚነሡ ሰዎች አይ-15ን ይዘው በሴይንት ጆርጅ በኩል እስከ ሴዳር ሲቲ ይመጣሉ፤ ከዚያ በሀይዌይ 14 ተራራውን አቋርጠው፣ ወይም ትንሽ ወደ ሰሜን ከፍ ብለው በሀይዌይ 20 ታጥፈው ዩኤስ 89ን ያገኛሉ። ሀይዌይ 14 ውብ ነው፤ ነገር ግን እጅግ ከፍ ስለሚል በበረዶ ጊዜ ሀይዌይ 20 ይመረጣል። ከሶልት ሌክ ሲቲ የሚመጡትም በዚሁ በሀይዌይ 20 ገብተው ፓንግዊችን አልፈው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከሁለቱም ከተሞች እስከ ብራይስ አራት ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። ከላስ ቬጋስ ሲመጡ ዩታ ሲገቡ ሰዓትዎ በአንድ ሰዓት ወደፊት እንደሚሄድ ያስቡበት፤ ለመጀመሪያው ምሽት ያቀዱትን ሰዓት የሚበላው ይኸው ነው።

የመድረሻ አድራሻ በስልክዎ ላይ ሲያስገቡ «ቦልደር፣ ዩታ» ብለው መጻፍዎን ያረጋግጡ፤ ኮሎራዶ ውስጥ ካለው ትልቁ ቦልደር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድመው ያውርዱት፤ ከሄንሪቪል እስከ ኤስካላንቴ፣ እንዲሁም ከኤስካላንቴ እስከ ቶሪ ባለው ብዙ ቦታ ላይ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል።

መኪናን በተመለከተ ተራ የቤት መኪና ይበቃል፤ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት ነው። ትልቅ መኪና የሚያስፈልገው ከሀይዌዩ ወደ ግራና ቀኝ ለሚገነጠሉት የኮረኮንች መንገዶች ሲሆን፣ በኪራይ መኪና ወደነዚያ መግባት በአብዛኛው የኪራይ ውል የሚከለክለው ስለሆነ ውሉን አስቀድመው ያንብቡ። ይልቁንስ ፍሬንዎን ያስፈትሹ። ነዳጅ በብራይስ ካንየን ሲቲ፣ በትሮፒክ፣ በካነንቪል፣ በኤስካላንቴ፣ በቦልደርና በቶሪ ይገኛል፤ ቢሆንም ኤስካላንቴ ላይ ታንኩን ሞልቶ መነሣት ጥሩ ልማድ ነው።

ምግብን አቅልለው አይመልከቱት። በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች ትንንሽ ናቸው፣ ምግብ ቤቶቻቸውም በጊዜ ይዘጋሉ፣ የምግብ ዝርዝሩም በአብዛኛው ሥጋ ነው። የሚጾም ሰው ካለ፣ ወይም ዝም ብሎ የአገሩን ምግብ የሚወድ ካለ፣ ከላስ ቬጋስ ወይም ከዴንቨር የሐበሻ ሱቆች እንጀራና የማይበላሽ የጾም ወጥ በበረዶ ሣጥን ይዞ መነሣቱ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ዳቦ ቆሎም ለእግር ጉዞ የሚወዳደረው የለም። ውኃ ግን በሰው ቢያንስ በቀን ሦስት ሊትር ይያዙ፤ አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሆነ ላብዎ ሳይታወቅዎት ይተናል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ላንሣ። የብራይስ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,700 ሜትር ሲሆን፣ በቦልደር ተራራ ላይ መንገዱ እስከ 2,900 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለጥየቃ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ለመጡ ወላጆች ይህ የለመዱት አየር ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ይልቁንስ ዓመታትን በቆላማው ላስ ቬጋስ ያሳለፈው ልጃቸው ነው።

በመጨረሻ ክፍያውን ያጣሩ። ሀይዌዩ ራሱ በነፃ ነው፤ የሚከፈለው ከእርሱ ለሚገነጠሉት ፓርኮች ነው። ለብራይስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ አንድ መኪና ለሰባት ቀን 35 ዶላር ይከፍላል፤ የአገሪቱን ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ የሚያስገባው ዓመታዊ ካርድ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ነው። ከ2026 መጀመሪያ ወዲህ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆኑ ጎብኚዎች በብራይስ ካንየን ተጨማሪ ክፍያ ስለሚጠየቁ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር እንግዳ የያዘ ሰው የፓርኮች አስተዳደርን ድረ ገጽ አይቶ መነሣት፣ ነዋሪዎችም መታወቂያቸውን መያዝ አለባቸው።

የመድረሻው ምሽትና የመጀመሪያው ቀን

ወደ ሀይዌይ 12 የሚገቡበትን ሰዓት ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ያህል በፊት ያድርጉት። ከመገንጠያው ጥቂት ማይሎች እንደተነዱ ሬድ ካንየን ይጀምራል፤ መንገዱ በቀይ ቋጥኝ ውስጥ በተፈለፈሉ ሁለት አጫጭር ዋሻዎች ያልፋል፣ ጥድ የበዛበት ቀይ ሸለቆም በስተ ግራ ይከፈታል። ከምዕራብ የሚመጣው የምሽት ፀሐይ በቀጥታ የሚያበራው ይህንኑ ስለሆነ፣ ጠዋት ላይ የሚያልፉት ሰዎች የማያዩትን ቀለም ያያሉ። ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ ከሚነሡት አጫጭር የእግር መንገዶች አንዱን ይዘው ግማሽ ሰዓት ያሳልፉ፤ ከዚያ ብራይስ ካንየን ሲቲ ወይም ትሮፒክ ይደሩ። ትሮፒክ ዝቅ ያለችና ጸጥ ያለች በመሆኗ እኔ እርሷን እመርጣለሁ።

በማግስቱ ከንጋት በፊት ተነሥተው በሀይዌይ 63 ወደ ብራይስ ካንየን ይግቡ። ይህ ፓርክ በ1928 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዝነኛ ያደረጉት «ሁዱ» የሚባሉት ቀጫጭን የድንጋይ ዓምዶች ናቸው። ዓምዶቹ የተፈጠሩት ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የጥንት ሐይቅ ዝቃጭ ውስጥ ነው። በዓመቱ ግማሽ ያህል ቀናት ሙቀቱ ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዶ ቀን ከዜሮ በላይ ስለሚወጣ፣ በስንጥቆቹ ውስጥ የገባው ውኃ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፤ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ዝጎ ቀይና ብርቱካናማ ያደርገዋል። አፋፉ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት የንጋት ፀሐይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች፤ ጎህ ሲቀድ እዚያ መገኘት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ብራይስ ፖይንት ወይም ኢንስፒሬሽን ፖይንት ላይ ይቁሙ።

ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ሙቀቱ ሳይበረታ የኩዊንስ ጋርደንንና የናቫሆን መንገዶች አጣምረው ወደ ሸለቆው ይውረዱ። ዙሩ ሦስት ማይል ያህል ነው፤ በሰንራይዝ ፖይንት ወርዶ በሰንሴት ፖይንት መውጣት ለጉልበት ይቀላል። መውጣቱ ለሚከብዳቸው አረጋውያን ሁለቱን ነጥቦች በአፋፉ የሚያገናኘው የግማሽ ማይል መንገድ አስፋልትና ደልዳላ ስለሆነ፣ እነርሱ በዚያ ሲዘዋወሩ ወጣቶቹ ከታች ዞረው ሊመጡ ይችላሉ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር የፓርኩ ነፃ አውቶቡስ ስለሚሠራ መኪናዎን አንድ ቦታ ቢያቆሙት ይሻላል።

ወደ ሀይዌይ 12 ተመልሰው ወደ ትሮፒክ ሲወርዱ፣ ከመገንጠያው አራት ማይል ያህል እንደሄዱ በስተ ቀኝ የሞሲ ኬቭ ትንሽ ማቆሚያ አለ። እዚህ ያለው ፏፏቴ የተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ በ1890 እና በ1892 መካከል የትሮፒክ ሰፋሪዎች ከአምባው ማዶ ውኃ ለመጥለፍ በእጅ የቆፈሩት ቦይ የፈጠረው ነው። ደርሶ መልሱ አንድ ማይል እንኳ አይሞላም።

ካነንቪል ላይ ወደ ደቡብ ዘጠኝ ማይል ገደማ ገባ ብሎ ኮዳክሮም ቤዝን የተባለው የግዛቱ ፓርክ ይገኛል፤ ጊዜ ከተረፈዎት ያየ አይቆጭም፣ ካልተረፈዎት ግን ይለፉት። ከፓርኩ አልፎ የሚቀጥለው የኮተንዉድ ካንየን መንገድ አስፋልት የለውም፤ ዝናብ ሲነካው ጭቃው ባለ አራት ጎማ መኪናን ጭምር ስለሚይዝ ሰማዩ ከደመነ አይግቡበት።

ከሄንሪቪል በኋላ ቀዩ ይጠፋና ግራጫና ሰማያዊ የሚመስል ራቁት ኮረብታ ይመጣል፤ የአካባቢው ሰዎች «ዘ ብሉስ» ይሉታል። ብዙ ተጓዥ ቀለሙ ስላልሳበው ሳይቆም ያልፈዋል። ሆኖም ይህ ድንጋይ 75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውና የዳይኖሰር ቅሪት የሞላበት ንብርብር ነው፤ በላዩ ደግሞ ሮዝ ቀለም ያለው የፓውል ፖይንት ገደል ከ3,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆሟል። መመልከቻው ላይ አሥር ደቂቃ ቢቆሙ የመንገዱን አካሄድ ይረዱታል፤ ከብራይስ እስከ ቦልደር ሸለቆዎች መውረድ ማለት ከአዲሱ ድንጋይ ወደ አሮጌው መውረድ ነው።

ኤስካላንቴ የሚደርሱት ከሰዓት በኋላ ይሆናል። በመግቢያው ላይ ባለው የጎብኚዎች ማዕከል ስለ አየሩና ስለ መንገዶቹ ሁኔታ ይጠይቁ፤ ሠራተኞቹ የዕለቱን መረጃ ይሰጣሉ። ከተማይቱን የከበበው መሬት በሴፕቴምበር 1996 በፕሬዚዳንት ክሊንተን አዋጅ የተከለለው ግራንድ ስቴርኬዝ ኤስካላንቴ የተባለ ጥብቅ ሥፍራ ሲሆን፣ በ2017 ስፋቱ ተቀንሶ በ2021 ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ከከተማው ዳር ባለው የግዛቱ ፓርክ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የዛፍ ግንዶች የሚታዩበት አንድ ማይል ያህል መንገድ አለ፤ ከዚያ ስባሪ እንኳ ማንሣት በሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን የዕለቱን ዋና ጉዳይ ያድርጉ። ማረፊያዎን ይዘው ዕቃዎን ካወረዱ በኋላ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብለው ከኤስካላንቴ ወደ ምሥራቅ አሥር ማይል ያህል ነድተው ሄድ ኦቭ ዘ ሮክስ የተባለው መመልከቻ ላይ ይቁሙ። መሬቱ በድንገት ከእግርዎ ሥር ይከፈታል፤ እስከ አድማስ ድረስ ነጭ፣ ክሬምና ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይዘረጋል፣ በመካከሉም አስፋልቱ እንደ ክር ይታያል። ድንጋዩ ከ180 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት የነበረ ሰፊ በረሃ አሸዋ ነው፤ በላዩ የሚታዩት ዘንበል ያሉ መስመሮች ነፋስ የከመራቸው የአሸዋ ክምሮች ጎኖች ናቸው። በጠዋት ቢመጡ ፀሐይ በአብዛኛው ከፊት ስለምትሆን ይህ ሁሉ ጥላ ይሆንብዎታል። ሲመለሱ አጋዘን ወደ መንገድ የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ ቀስ ብለው ይንዱ።

ሁለተኛው ቀን

ማልደው ይነሡና በማይል ምልክት 75 እና 76 መካከል ወዳለው ካፍ ክሪክ ይሂዱ። ከኤስካላንቴ አምስት ማይል ያህል ወጣ ሲሉ በስተ ቀኝ የሚገነጠለውን ሆል ኢን ዘ ሮክ መንገድ ያያሉ። በ1879 ክረምት ወደ 250 የሚጠጉ የሞርሞን ሰፋሪዎች በዚህ በኩል ሠረገሎቻቸውን ይዘው ስድስት ሳምንት ይፈጃል ያሉትን ጉዞ ጀምረው ስድስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ዛሬም ቢሆን ለሁለት ቀን ጉዞ የሚሆን አይደለም፤ በዚያ ያሉት ጠባብ የስንጥቅ ሸለቆዎች የራሳቸውን ቀንና የራሳቸውን ዝግጅት ይፈልጋሉ።

ካፍ ክሪክ ላይ መኪና ማቆሚያው ጠባብ ስለሆነና ቶሎ ስለሚሞላ ነው ማለዳ ያስፈለገው። ለማቆሚያው ክፍያ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይጠቅማል። መንገዱ ወደ ፏፏቴው ሦስት ማይል ያህል ሄዶ በዚያው ይመለሳል፤ ዳገቱ ቀላል ነው፣ እግር የሚያደክመው አሸዋው ነው፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይስጡት። በሸለቆው ማዶ ግድግዳ ላይ ጥንታውያን ነዋሪዎች በቀይ ቀለም የሣሏቸው ሦስት ትልልቅ የሰው ምስሎች አሉ፤ ቀና ብሎ ያላየ ሰው ያልፋቸዋል። ፏፏቴው 38 ሜትር ከፍታ ካለው አፋፍ ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለው ኩሬ በበጋም ቢሆን እጅግ ይቀዘቅዛል። ለትንንሽ ልጆች ርቀቱ ይበዛል፤ እነርሱን ይዘው ከሆነ አንድ ማይል ያህል ሄደው ይመለሱ።

ከካፍ ክሪክ እንደወጡ ዳገቱን ተከትለው ሆግባክ ላይ ይደርሳሉ። ሊማሊሞን የነዳ ሰው በአንድ ጎኑ ተራራ፣ በሌላው ገደል እንደሚያገኝ ያውቃል፤ እዚህ ግን መንገዱ በቀጭን የድንጋይ ጀርባ ላይ ስለሚያልፍ በሁለቱም ጎን ገደል ነው፣ የመንገድ ዳር መከላከያ ብረትም የለውም። አስፋልቱ ደህና ስፋት ስላለው በዝግታ ለሚነዳ ሰው አስፈሪ እንጂ አደገኛ አይደለም። ሹፌሩ መንገዱን ብቻ ይመልከት፤ ሥዕል ማንሣት የሚፈልግ ሰው በጀርባው ላይ ሳይሆን ከመድረሱ በፊት ወይም ካለፈ በኋላ በተዘጋጁት ማቆሚያዎች ብቻ ይቁም። በቁልቁለት ላይ ፍሬንን ያለማቋረጥ ከመርገጥ ማርሽ ዝቅ አድርጎ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ይገባል፤ ከኋላ የሚገፋ መኪና ካለም ማቆሚያ ሲያገኙ ወጣ ብለው ያሳልፉት። ከፍታ የሚያስፈራው ተሳፋሪ ካለ አስቀድሞ መንገር ደግ ነው፤ ሁሉም ነገር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው።

ቦልደር ይህ መንገድ እስኪሠራ ድረስ ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ እጅግ ከተነጠሉት አንዷ ነበረች፤ ፖስታዋ እስከ 1930ዎቹ ድረስ በበቅሎ ይጫን ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን መንግሥት ሥራ አጥ ወጣቶችን ያሰማራበት ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር በ1933 በተራራው በኩል ሄልስ ባክቦን የተባለውን መንገድ ሠራ፤ በክረምትም የሚያስኬደው የአሁኑ መስመር የተከፈተው ግን በ1940 ነው። ምሳዎን እዚህ ይብሉ። በመንገዱ ዳር ያለውን ትንሽ ሙዚየም ይጎብኙ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የፑዌብሎ ሕዝብ አባቶች መንደር ፍርስራሽ በግቢው ውስጥ ተቆፍሮ ይታያል። ከከተማው ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው የበር ትሬል መንገድ እስከ ካፒቶል ሪፍ ፓርክ ወሰን ድረስ አስፋልት ስለሆነ፣ ጥቂት ማይሎች ነድቶ ሎንግ ካንየንን አይቶ መመለስ ለሚቸኩል ሰው ባይሆንም ለሚችል ሰው ይመከራል።

ከቦልደር በኋላ መንገዱ ወደ ተራራው ይወጣል። ይህ ክፍል ሙሉ በሙሉ አስፋልት የሆነው በ1985 ነው፤ ከዚያ በፊት ሀይዌዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአስፋልት መጓዝ አይቻልም ነበር። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከቁልቋልና ከራቁት ድንጋይ ወደ ጥድና ወደ አስፐን ደን ይገባሉ፣ ሙቀቱም በደንብ ስለሚወርድ ጃኬት ከእጅ አይራቅ። በሆምስቴድና በላርብ ሆሎ መመልከቻዎች ይቁሙ። ሁለቱም ወደ ምሥራቅ ይመለከታሉ፤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ዋተርፖኬት ፎልድ የተባለው የመሬት እጥፋት፣ ከበስተ ኋላው ደግሞ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚደርሱት የሄንሪ ተራሮች ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ ያደረስኩዎት ለዚህ ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ያን ሁሉ ታበራዋለች።

በዚህ ተራራ ላይ ከብት ያለ አጥር ይሰማራል፤ ላም በመንገዱ መካከል ቆማ ቢያገኙ ጥሩንባ ከመንፋት ቆም ብሎ ማሳለፍ ይሻላል። አጋዘንም አመሻሽ ላይ ስለሚበዛ ሳይጨልም ወደ ግሮቨርና ወደ ቶሪ ይውረዱ። ቶሪ አጠገብ ዳግመኛ የሚመጣው ቀይ ገደል በብራይስ ካዩት በእጅጉ የቆየ ነው። በማግስቱ ጠዋት 11 ማይል ያህል ርቆ ያለው ካፒቶል ሪፍ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በፓርኩ ውስጥ ፍሩታ በተባለው ቦታ የሞርሞን ሰፋሪዎች የተከሉት የፍራፍሬ አትክልት በወቅቱ ለጎብኚ ክፍት ስለሚሆን፣ ለቅሞ መዝኖ ከፍሎ መውሰድ ይቻላል።

ከዴንቨር ለሚመጡ

ከዴንቨርና ከኦሮራ የሚነሡ ሰዎች በአይ-70 እስከ ግሪን ሪቨር አካባቢ መጥተው በሀይዌይ 24 በሃንክስቪል በኩል ቶሪ ይገባሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንዳት ስለሆነ በዚያው ቀን ሀይዌይ 12ን መጀመር አይገባም። ጉዞውን ገልብጠው የሚያደርጉት ከሆነ፣ የቦልደርን ተራራ በማለዳ ከመውጣት ረፋድ ላይ ይውጡት፣ ሆግባክን በቀትር አልፈው ኤስካላንቴ ይደሩ፤ ከሰዓት በኋላም ወደ ሄድ ኦቭ ዘ ሮክስ ተመልሰው ይውጡ። ካፍ ክሪክን በማግስቱ ንጋት አድርገው ከዚያ ወደ ብራይስ ሲቀጥሉ አመሻሽ ላይ ፀሐይ ፊትዎን ስለምትወጋ፣ የመኪናውን የፊት መስተዋት ከኤስካላንቴ ከመነሣትዎ በፊት በደንብ ያጽዱት።